የዳይሬክተራችን ሰባተኛ ፍሬም

ሰርተፍኬት የሚወድ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛ መርሳ አንድ አለን። ጦርነቱ ከወልድያ ወደ እኛ ሲወርድ፣ ሰው ልጁን አዝሎ ሲሮጥ፣ እሳቸው ከቢሯቸው ግድግዳ ስድስት ሰርተፍኬት ከነፍሬሙ አወረዱ። የተማሪዎቹ ስምና ውጤት የሰፈረበት ሮስተር መደርደሪያው ላይ ቀረ፤ ስንመለስ አመድ ሆኖ አገኘነው። ፍሬሞቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እስከ ደሴ የተሸከመ ማን መሰላችሁ? እኔ፣ ምክትላቸው!

ጥቂት ቆይቶ ወልድያ ላይ የዕውቅና መድረክ ተዘጋጀ። ተሸላሚ የሚመረጠው ዳይሬክተሩ ራሱ በሚጽፈው ሪፖርት አይደል? የእኛው «የተማሪዎችን ማህደር ከጥፋት ታድጌያለሁ» ብለው ጻፉ፤ ሰባተኛውን ተቀበሉ። እኔም እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

በማግስቱ ከውርጌሳ አንድ አባት ቢሯችን መጡ። ተማሪያችን የነበረችው ልጃቸው ዘይነባ፣ ከባድ መሣሪያ ቤታቸው ላይ ወድቆ ሞታለች።

«አልሐምዱሊላህ፣ መዝገቡ ተርፏል አሉኝ» አሉ። «ፎቶዋም ደብተሯም ከቤቱ ጋር ነዷል። ስሟ ያለበትን ብቻ አሳዩኝ።»

ዳይሬክተሩ አዲሱን ፍሬም ሊሰቅሉ ወንበር ላይ ቆመው ነበር። ፊታቸውን ሳያዞሩ «ነገ ይምጡ» አሏቸው።

አባትየው እስከ ዛሬ በየማለዳው ይመጣሉ። ያንኑ ወንበር የማቀርብላቸው እኔ ነኝ።