ወፍጮው የኔ፣ ወግ ማዕረጉ የትርንጎ

ቅናት ከጥርስ ጋር አብሮ የሚረግፍ ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር። ጥርሴ ካለቀ ቆየ፤ ቅናቴ ግን ይኸው አሁንም አጥንት ይቆረጥማል።

ደብረ ማርቆስ ካለው ቤቴ የጓሮዋን ክፍል የተከራየችኝ አስተማሪዋ ሰላም የሙዚቃ ቡድን አላት። ሮክ ነው ይላሉ፣ ያውም የሙከራ። እነሱ ሲሞክሩ የምፈተነው እኔ ነኝ፤ ግድግዳው ጭቃ ነዋ! መጀመሪያ አምስት ነበሩ። ዘፋኙ ለሥራ ወደ ሮብ ገበያ ከተማ ተመድቦ ሄደ። በሱ ቦታ አንዲት ነርስ ገባች፤ እሷም አግብታ ወጣች። ጊታር መቺው ከሰላም ጋር ተኳርፎ ቀረና ሌላ መጣ። የአንዱን ስም ለምጄ ሳልጨርስ ሰውየው ይቀየራል። በመጨረሻ ድራም መቺው ከነድራሙ ወደ ሠርግ ባንድ ኮበለለ።

ሰላም ጓሮ የወደቀውን የእጅ ወፍጮዬን ትክ ብላ አየችና «እማማ፣ ይህን ያውሱኛል? በድራሙ ፋንታ እሱን እናስፈጫለን» አለችኝ።

ደስታዬን አትጠይቁኝ! ከልጅነቴ ጀምሮ የፈጨሁበት ወፍጮ ነው። ነጠላዬን አጣፍቼ ስጠብቅ ማንን ብታመጣ ጥሩ ነው? ጎረቤቴን ትርንጎን! ክንዷ ጠንካራ ነው ተብላ። እኔ ምን ጎደለኝ? መጁን፣ የላይኛውን ድንጋይ፣ ስትገፋ፣ ልጆቹም ሲያጨበጭቡላት፣ እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሽሮ ያርርብኛል።

ከወር በኋላ የወፍጮው ድምፅ ሟሸሸ። «እትዬ ትርንጎ ሳይደክሙ አልቀረም» ሲባባሉ ሰማሁ። ምን ድካም አለ? ወፍጮ ሲለሰልስ ካልተወቀረ አይፈጭም፣ አይጮህም። ይህን እያወቅሁ ጭጭ አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ትርንጎን አመስግነው አሰናበቷትና «እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይሞክሩት» አሉኝ። በነጋታው ጠዋት፣ ማንም ሳይኖር፣ ወፍጮውን በጥቁር ድንጋይ ቀጭ ቀጭ አድርጌ ወቀርኩት። ከሰዓት መጁን ብገፋው ቤቱ ተንቀጠቀጠ! ሰላም ዘላ አቀፈችኝ።

ለካ ትርንጎ በር ላይ ቆማ ታዳምጥ ኖሯል። ልጆቹ ሲወጡ ጠጋ አለችኝ።

«አስካሉ፣ ደህና አድርገሽ ወቀርሽው።»

ክው አልኩ። «ታውቂ ነበር?»

«ምነው፣ እኔስ ፈጭቼ አይደል ያደግሁት? እዚያ ማዶ ስትቃትቺ እየሰማሁ እንዴት ልግፋው? አስካሉ ትግባበት ብዬ መለስለሱን ሳልናገር ቀረሁ እንጂ።»

ግንባሬን ስማኝ ሄደች።

ይኸው አሁን ከቡድኑ ገብቻለሁ። ማታ ግን እንቅልፍ የለኝም። በክንዷ ብትበልጠኝ እሺ፤ በደግነትም ልትበልጠኝ ኖሯል? ይቺ ሴትዮ ያልበለጠችኝ ምን ቀረ?