ቅዳሜ ገብቶ እሁድ የወጣው

ጤነኛ ነኝ ቢሉት የማያምን ጎረቤት ገጥሞዎት ያውቃል? ካልገጠመዎት ወረታ ብቅ ይበሉ።

ጓደኛዬ ደሳለኝ የሩዝ ባለሙያ ነው። ለሥልጠና ጃፓን ከርሞ ሲመለስ፣ እንኳን ደህና ገባህ ሊሉት ለመጡት ጎረቤቶች፣ «ባሕር ጠረፍ ላይ ካለ ጥንታዊ ፍል ውሃ ገባሁ» አለ። ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኛ ዘንድ ወንዛዬ ፍል ውሃ የሚወርድ በሽተኛ ነዋ!

«እኔን ይድፋኝ! ምንህን አሞህ ነው?» አሉ እትዬ ስንዱ።

«ኧረ ለመዝናናት ነው!» ብሎ ፎቶውን አሳያቸው። እንፋሎቱ መሃል ተነክሯል፤ እንደ አገሩ ልማድ ፎጣ አጥፎ አናቱ ላይ አኑሯል።

«ራሱን ነው ያመመው!» አሉ እትዬ ስንዱ። «ለመሆኑ ስንት ቀን ተነከርህ?»

«ቅዳሜ ገብቼ እሁድ ወጣሁ።»

«ሱባኤው ሳይሞላ? ወይኔ! ተስፋ ቆርጠው ነው የመለሱት!» ብለው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ጎረቤቱ ሁሉ ተንሰቀሰቀ። ሰው በቁሙ ሲለቀስለት አይተው ያውቃሉ?

ለቀስተኞቹ ሲወጡ ደሳለኝ ግንባሩን እየዳሰሰ ወደ እኔ ዞረ።

«እውነቱን ንገረኝ፤ ጃፓኖቹ የደበቁኝ ነገር ይኖር ይሆን?»

የወንዛዬ መኪና ልፈልግ ወጣሁ። ለእሱ ብቻ እንዳይመስልዎት፤ እኔንም ራሴን ይፈልጠኝ ጀምሯል።