ጋሽ ሙክት ያከራዩት ዋሻ

ተረት ልንገራችሁና «የላም በረት» ብላችሁ ተቀበሉኝ። በረት ያላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ የዛሬው ተረት ግን በረት ስላጡት ነው።

ድሮ፣ ዛፉ ሁሉ ጭጋግ ለብሶ በሚያድርበት አንድ የደጋ ጫካ ውስጥ ትምህርት ቤት ተከፈተ። አስተማሪዋ መምህርት ጉጉት ነበሩ። እሳቸው ቀን ቀን ስለሚተኙ ትምህርቱ የሚሰጠው ጎህ ሲቀድ ነበር፤ ፀሐይ ወጥታ ቅጠል ሳታሞቅ ደብተር ይዘጋል። ይህ ሰዓት ለተማሪው ይመቸው እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። አስተማሪዋን ከተመቻቸው ተማሪው ይለምደዋል ተባለ።

ወደዚህ ትምህርት ቤት ከሩቅ ቆላ አንድ እንሽላሊት መጣ። ዘመዶቹ አንዳቸውም ማንበብ አያውቁም። ወረቀት ይዞ ለመጣባቸው ሁሉ ምን እንደተጻፈበት ሳይጠይቁ ጣታቸውን ቀለም እየነከሩ ሲያትሙ ኖረው፣ አንድ ቀን የተወለዱበትን የድንጋይ ክምር በገዛ ጣታቸው ለፍልፈል ማስረከባቸውን ሰሙ። ያን ጊዜ ተሰብስበው አለቀሱና «ከመሃላችን አንድ እንኳ የሚያነብ ይኑር» ብለው ይህን ፈጣን ልጅ መርቀው ላኩት። የዓመቱን ፈተና ካለፈ ይቀጥላል። ከወደቀ ወይም ከቀረ ወደ ቆላው ይመለሳል፤ ዘመዶቹም ጣታቸውን እያተሙ ይኖራሉ።

ትምህርት ቤቱ ማደሪያ አልነበረውም። ማደሪያ የነበራቸው ጋሽ ሙክት ናቸው።

ጋሽ ሙክት ጸጉራቸው እስከ ጉልበታቸው የወረደ፣ ላታቸው ከኋላ እንደ ትራስ የሚከተላቸው ትልቅ በግ ነበሩ። ከትምህርት ቤቱ ዝቅ ብሎ አንድ ዋሻ ስለነበራቸው ለተማሪ ያከራዩታል። ኪራዩ በየጠዋቱ አንድ እቅፍ ለምለም ሣር ነው። ሣሩን ለመቀበል አንድም ቀን አርፍደው አያውቁም፤ ቤቱ ተበላሸ ሲባሉ ግን የት እንደሚገቡ እንጃ፣ በተለይ በዓል ሲቃረብ ደብዛቸው ይጠፋል።

እንሽላሊቱን ይዘው ቤቱን አስጎበኙት።

«ነፋሻ ቤት ነው» አሉት፤ ከጀርባ ባለው ቀዳዳ ነፋሱ እያፏጨ ይገባል። «ውሃም ቤት ድረስ ገብቶለታል» አሉት፤ ጣሪያው ጠብ ጠብ ይላል። «መብራትም ቢሆን በዚያ ስንጥቅ ጨረቃ ትገባልሃለች።»

«በሩስ ጋሼ?» አለ እንሽላሊቱ። በሩ የነበረበት ቦታ ባዶ ነበር።

«በሩ ታዟል» አሉ ጋሽ ሙክት። «እሳት ማንደድ ግን ክልክል ነው። ጭስ ግድግዳዬን ያጠቁርብኛል።»

ውስጥ አምና የገባች አንዲት ሽኮኮ ትኖር ነበር። ጋሽ ሙክት ሲወጡ ጠብቃ «በሩ ታዟል አሉህ?» አለችው።

«አዎ።»

«እኔንም አምና እንዲሁ ብለውኛል። ከእኔ በፊት የነበረችውን ድኩላም ብለዋታል። ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ይልቅ ወደዚህ ጠጋ በል።»

የእንሽላሊት ገላ እንደ ሌላው አውሬ አይደለም። ሙቀቱን የሚያገኘው ከፀሐይ ነው፤ ፀሐይ ከሌለች እንደ እንጨት ይደርቃል። በቆላው ይህ ችግር ሆኖ አያውቅም። በጋሽ ሙክት ዋሻ ግን ሽኮኮ ምን ብታቅፈው ሲነጋ ዓይኑ ተገልጦ፣ እግሩ ተገትሮ፣ ጅራቱ ቀጥ ብሎ ይገኛል። ምስኪኗ ተሸክማ ትወስደውና ወንበሩ ላይ ታስቀምጠዋለች።

«ማነው ዓይኑን ገልጦ የሚተኛብኝ?» ይላሉ መምህርት ጉጉት።

«አልተኛም መምህርት፤ ደርቆ ነው» ትላለች ሽኮኮ።

«ከደረቀ ማገዶ ቤት ውሰጂው!»

ተማሪው ሁሉ ይስቃል። ሽኮኮ አውጥታ ድንጋይ ላይ ታስቀምጠዋለች። ፀሐይ ወጥታ ጀርባውን ስትነካው ብድግ ይልና ደብተሩን ይዞ ወደ ክፍል ይሮጣል፤ ሌላው ግን ትምህርቱን ጨርሶ እየወጣ ነው። ቀን ቀን ሽኮኮ የተማረችውን ስትነግረው ከእሷ አብልጦ ይይዘዋል። ፊደሉንም ቁጥሩንም እንደ ውሃ ጠጥቶታል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጎህ ሲቀድ ሕይወት።

ፈተናው ሲቃረብ ሁለቱ ጋሽ ሙክት ዘንድ ሄዱ።

«ጋሼ፣ ስለ ብርዱ ነበር የመጣነው» አለ እንሽላሊቱ።

«የቱ ብርድ?» አሉ ጋሽ ሙክት ጸጉራቸውን እያራገፉ። «እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ በዚህ ሰፈር በርዶኝ አያውቅም። የዛሬ ልጆች ተቀማጥላችኋል።»

«የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» አለች ሽኮኮ በሆዷ ልትል አስባ በአፏ።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«ዕድሜ ይስጥልን አልኩ ጋሼ።»

ጋሽ ሙክት ግን ክፉ በግ አይደሉም፤ ቤታቸው ሲታማ አይወዱም። በማግስቱ አንድ ቅል ኖራ ይዘው መጡና የዋሻውን ፊት ለፊት ነጭ አድርገው ቀቡት። በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ «እንዴት ያለ ቤት ነው!» እያለ ያደንቅ ጀመር። ውስጡ ያው ነው። እንዲያውም ኖራው እስኪደርቅ ድረስ ርጥበቱ ባሰበት።

«እንግዲህ ሽማግሌ ነው የሚያዋጣን» አለች ሽኮኮ። ሽማግሌዎቹ ተለመኑ። አለቃቸው አባ ጭላዳ ነበሩ፤ ጎፈራቸው ከትከሻቸው እስከ መሬት እንደ ካባ የወረደ ዝንጀሮ ናቸው። ግራና ቀኛቸውን ቀይ ቀበሮና ዋልያ ተቀመጡ። ሦስቱም ብርድን በስም እንጂ በመልክ አያውቁትም። ሽማግሌ የሚቀመጠው ሲመቸው ነውና ጉባኤው የተደረገው እኩለ ቀን ላይ፣ ከዋሻው ደጅ ካለው ሰፊ ድንጋይ ላይ፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰዓት ነበር።

«ከሳሽ ይናገር» አሉ አባ ጭላዳ።

እንሽላሊቱ ዘሎ ድንጋዩ ላይ ወጣ። ፀሐይ ሞቋልና ጅራቱን እየነሰነሰ፣ ወዲህ ሮጦ ወዲያ ተመልሶ፣ ዓይኑን እያንከባለለ ብርዱን አንድ በአንድ አስረዳ። እንደዚያ ቀን ተናግሮ አያውቅም። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር፤ ያጠፋውም ያው መናገሩ ነው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«በረደው፣ ደረቀ የተባለው ይሄ ነው?» አሉ ቀይ ቀበሮ።

«ይኸው ፊት ለፊታችሁ ነው!» አሉ ጋሽ ሙክት። «እንዲህ የሚፈነጥዘው ቤቴ ተስማምቶት አይደለም? ከቆላ ሲመጣ እኮ እንዲህ አልነበረም።»

«አባቶቼ» አለ እንሽላሊቱ ተጨንቆ፣ «አሁን ፀሐይ ስላለ ነው። ነገ ጎህ ሲቀድ ኑና እዩኝ። ቃሌን አትመኑ፤ መጥታችሁ ብቻ ዳስሱኝ።»

አባ ጭላዳ ጎፈራቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ጎህ ሲቀድ? እዚህ? ኧረ ልጄ፣ በዚህ ዕድሜያችን ብርዱ ይገድለናል!»

ሽኮኮ ከት ብላ ሳቀች። «ይኸው! ራስዎ መሰከሩ!»

«አንቺ ልጅ» ተቆጡ ዋልያ፣ «ሽማግሌ ሲናገር ጥርስ አይታይም!»

ፍርዱም እንዲህ ሆነ። ጋሽ ሙክት በሩን ሲመቻቸው ያስገባሉ። እንሽላሊቱ ግን የታላቅ በግ ቤት ስም አጥፍቷልና በባህሉ መሠረት አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ። ከራሱ የሚበልጥ ድንጋይ አሸከሙት። እየተንገዳገደ ሄዶ በጋሽ ሙክት እግር ሥር ወደቀ፤ እሳቸውም «ይቅር ብያለሁ፣ ተነስ» አሉት። ሽማግሌዎቹ መርቀው፣ ተመራርቀው፣ ተበታተኑ። ሽኮኮ ድንጋዩን አንከባልላ ወሰደችና የዋሻውን የጀርባ ቀዳዳ ግማሹን ደፈነችበት። በዚያ ቤት ላይ እስከዛሬ የተደረገው ጥገና ይኸው ብቻ ነው።

የፈተናው ዋዜማ ደረሰ። «እኔ ደጃፉ ላይ ነው የምተኛው» አለ እንሽላሊቱ። «የመጀመሪያዋ ጮራ ታነሳኛለች። መምህርት አርፍደው የሚመጡትን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ይቀበላሉ አሉ። አንቺ የራስሽን ፈተና እንዳታበላሺ፤ ተነሺና ሂጂ።» ደብተሩን በብብቱ ይዞ ተኛ። ሽኮኮም ሲነጋጋ በላዩ ተራምዳ፣ ልቧ እያመነታ ሄደች።

ያን ቀን ግን ጮራ የሚባል አልመጣም። ውርጭ ወርዶ ነበር፤ በውርጩ ላይ ጉም ተኛበት። ጋሽ ሙክት ሣራቸውን ሊቀበሉ ሲመጡ እንሽላሊቱን ደጃፉ ላይ አመዳይ ለብሶ አገኙት። ጠሩት፤ አልመለሰም። በሰኮናቸው ነካ አደረጉት፤ እንደ ጭራሮ ተገለበጠ። ጋሽ ሙክት ግራና ቀኝ አዩና «አዬ ልጄን!» ብለው ጮኹ።

የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ቁራ ነው። ወዲያው ተነስቶ በየዛፉ እየዞረ ለፈፈ። የጫካው እድር ደንብ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ ለልቅሶ ማልዶ ያልደረሰ ይቀጣል። ጉሙ ሳይገለጥ አባ ጭላዳ መጡ። ቀይ ቀበሮ መጡ። ዋልያ ከገደሉ አፋፍ ድረስ ወርደው መጡ። የእድሩ ድንኳን መጣና በር በሌለው የዋሻ አፍ ላይ ተወጠረ፤ ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘጋ። ብርድ ልብስ መጣ። አንድ ሸክም የደረቀ ወይራ መጣ። ሟችን አስገብተው በብርድ ልብስ ጠቀለሉት፤ ዘመዶቹ ከቆላ እስኪመጡ ይቆይ ተባለ።

ጋሽ ሙክት ቆመው ሙሾ አወረዱ። «እንደ ልጄ ነበር። በቤቴ ደስ ብሎት ኖረ፤ በሰላም አረፈ።»

«ምን አገኘው ግን?» አለ አንዱ ለቀስተኛ።

«ዕድሜ ነው።»

«በዚህ ዕድሜው?»

«የቆላ ዕድሜ አጭር ነው» አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። ወዲያውም አጠገባቸው ወደምታለቅሰው ጥንቸል ጠጋ ብለው ሹክ አሉ፦ «ክፍል እፈልጋለሁ ስትዪ አልነበር? በሩ ታዟል።»

ጥቂት እንደተቀመጡ አባ ጭላዳ ጥርሳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጎፈራቸውን ቢሰበስቡ አልሆነም፤ ብርዱ ከወለሉ ነበር የሚወጣው። «ኧረ ይሄ ምን ዓይነት ቤት ነው!» አሉ። «ሰው ይኖርበታል እንዴ? በሉ እሳት አንድዱ!»

«አባባ፣ ግድግዳዬን ያጠቁርብኛል» አሉ ጋሽ ሙክት።

«ወግድልኝ! ልታስጨርሰን ነው?»

እሳቱ ነደደ። በዚያ ዋሻ እሳት ሲነድ የመጀመሪያው ነው። ወይራው ተንጣጣ፣ ሙቀቱ ጣሪያውን ነካ፣ ለቀስተኛው እጁን ዘርግቶ ወሬ ጀመረ። ያን ጊዜ ብርድ ልብሱ ውስጥ አንድ ጅራት ተንቀሳቀሰ። ከዚያ አንድ እግር። ከዚያ እንሽላሊቱ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

ዋሻው በጩኸት ተናወጠ። ቀድመው የወጡት ጋሽ ሙክት ነበሩ።

እንሽላሊቱ እሳቱን አየ፤ ድንኳኑን፣ ብርድ ልብሱን፣ ሽማግሌዎቹን አየ። ምንም አልገባውም። «ነጋ እንዴ?» አለ። «ፈተናው!»

ሽኮኮ የድንኳኑን ጫፍ ገልጣ ገባች። የተፈተነችበት ብዕር ጆሮዋ ላይ ተሰክቶ ነበር። ስታየው ሁሉም ነገር ገባትና ተቀምጣ አለቀሰች። «ፀሐይ ታነሳሃለች ብዬ እኮ ነው የሄድኩት» አለችው። «አልቋል። መምህርት ተኝተዋል።»

 ቀለም የነከሩት የዘመዶቹ ጣቶች በእንሽላሊቱ ዓይን ላይ መጡ። ፊደሉን ሁሉ ያውቀው ነበር፤ ልቡ በንዴት ተቃጠለ።

«እሰይ፣ ዋናው ነፍስህ መትረፏ ነው» አሉ አባ ጭላዳ፣ እየቀረቡ። «ቤቱ እንዲህ መሆኑን ግን ምነው በጊዜው ሳትነግረን?»

ይህን ጊዜ ቁራ ጉሮሮውን ጠረገ። «በደንባችን መሠረት» አለ፣ «ሟች ከሌለ ድንኳን የለም።» የእድሩ ወጣቶች ድንኳኑን ነቀሉ። ብርድ ልብሱን ከትከሻው ላይ ገፈው አጣጠፉ። የተረፈውን ወይራ ከምድጃው እየጎተቱ አጠፉና ተሸከሙ። ጉሙ እንደ ባለቤት ዘው ብሎ ገባ፤ የእንሽላሊቱ ጅራት ከጫፉ ጀምሮ መድረቅ ጀመረ። ጥንቸሏ ዋሻውን በዓይኗ ስትለካ አየና አንደበቱ ሳይታሰር እንዲህ አለ፦

«አባቶቼ፣ በርዶኛል ብዬ ስለምናችሁ ብርድ ነው ብላችሁ ቀራችሁ። ሞተ ሲሏችሁ በዚያው ብርድ ገሰገሳችሁ፤ እንጨቱም፣ ልብሱም፣ በሩም ቤታችሁ ነበር ለካ። ለምትመጣዋ ጥንቸል ይሄን ንገሩልኝ፤ ሲበርዳት አቤት አትበል፣ ሞተች አስብላ ታስለፍፍ።»

እኔም ተረቴን ጨረስኩ። አፌን በዳቦ ማበሱ ይቅርና፣ ስትወጡ በሩን ዝጉልኝ።