ሁለት ዓይን ለትርንጎ

ባለሥልጣን ባዶ ግድግዳ ሲያይ እጁን ይበላዋል። ለምን እንደሆነ እስከዚህ ዕድሜዬ ስንት መጽሐፍ አገላብጬ መልስ አላገኘሁለትም። ምናልባት ግድግዳ አፍ ስለሌለው ይሆናል። ሰው ሲያፈርስ ይውልና ግድግዳ ሲያስቀባ ያመሻል።

ከባሕር ዳር ከወጣሁ ብዙ ዘመን ነው። ፀጉሬ ነጥቷል፣ ጉልበቴ ከድቶኛል፤ ንዴቴ ግን አላረጀም። አብሮኝ ተሰዶ፣ አብሮኝ በልቶ ጠጥቶ፣ ይኸው ደኅና ነው።

በደርግ ጊዜ ነው። ቀበሌያችን ገበያ መውጫው ላይ ያለውን የአዳራሹን ግድግዳ በከተማው ታሪክና በዘፈኑ ሥዕል ሊያስጌጥ ተነሣ። እኔ አስተማሪ ነበርሁና "መጽሐፍ ታነባለች" ተብዬ ኮሚቴ ውስጥ ገባሁ። ማንበብ አንድ ቀን ሙያ፣ አንድ ቀን ወንጀል ነበር፤ በዕለቱ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው የቀበሌው ሊቀ መንበር ብቻ ነበር። ሠዓሊው መሪጌታ ላቀ ከዘጌ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ታንኳውን ሣሉ፣ የድሮውን ገበያ ሣሉ፣ መካከሉ ላይ ትርንጎን ከነባሏ፣ ከነማሲንቆው አቆሟት።

ትርንጎ አዝማሪ ናት። ከቁንዝላ እስከ ዓባይ ማዶ እሷ ያላሞቀችው ሠርግ የለም። ታዲያ በሠርጉ ላይ "ድገሚን!" እያለ ሲያጨበጭብላት የነበረ ሁሉ በማግሥቱ መንገድ ላይ ሲያገኛት ፊቱን ያዞራል። አዝማሪ ናታ! ሥዕሉ ሲጀመር መጥታ መሪጌታን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "አባቴ፣ ስንት ዓይን ይሰጡኛል?"

የጣና ዳር ሰው ጥያቄው ወዲያው ይገባዋል። በገዳሞቻችን ግድግዳ ላይ ጻድቅ ፊት ለፊት ነው፤ በሁለት ዓይኑ ያየናል። ሰይጣን፣ ይሁዳና ግብረ አበሮቻቸው ግን ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ፊደል ያልቆጠረ ባላገር እንኳ ማን ምን እንደሆነ በዚያ ይለያል። ትርንጎ ጻድቅ በሉኝ አላለችም፤ ከሰይጣን ወገን አትቁጠሩኝ ነው ያለች። መሪጌታም "ስንት አለሽ?" አሏት። "ሁለት።" "እንግዲያ ሁለቱንም ትወስጃለሽ።" ሰጧትም፤ እንዴት ያሉ ዓይኖች! ከዚያ ወዲህ ትርንጎ መንገዷ ባይሆንም በዚያ በኩል ታልፍ ጀመር።

የሰው ደስታ የሚያሳክከው ሰው መቼ ይጠፋል? ሊቀ መንበሩ በየቢሮው የሚሰቀለውን የሦስቱን ጢማሞች፣ የሶሻሊዝም አባቶች የሚባሉትን ሥዕል ጠቅልሎ ከተፍ አለ። ታስታውሱታላችሁ፤ ሦስቱም ወደ ጎን ነው የሚያዩ። እነሱም ከላይ ይሣሉ አለ። መሪጌታ አይተው አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና "ጌታዬ፣ እነዚህን ሰዎች ማን ቢቀየማቸው ነው?" አሉ። "ጌታዬ አይባልም፣ ጓድ! ታላላቆች ወደ ፊት ነው የሚያዩት፤ አላፊ አግዳሚው ላይ አያፈጡም!" ብሎ ጮኸባቸው። ቀጠለና እሱም ከጎናቸው፣ ልክ እንደነሱ ዞሮ እንዲሣል አዘዘ። "እርስዎም?" "እኔም!" መሪጌታ ብሩሻቸውን ነከር እያደረጉ "እንግዲህ በገዛ አፍዎ ነው" ሲሉ የሰማኋቸው እኔ ብቻ ነኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ዛሬም እየሳቅሁ በኖርሁ። ሊቀ መንበሩ ግን ትርንጎ ፊት ቆመ። ይቺ የፊውዳል ርዝራዥ ምን ታፈጥብናለች? እሷም ወደ ፊት ታይ! አለ። "ጓድ" አልሁት፣ "ዘፋኝ ሰውን ካላየች ለማን ትዘፍናለች?" "አንቺ መጽሐፍ አብዝተሻል" አለኝ። ያኔ ይህ ቀልድ አልነበረም፤ መጽሐፍ አብዝተዋል ተብለው የተወሰዱ ባልንጀሮቼ እስከ ዛሬ አልተመለሱም። የትርንጎ አንድ ዓይን በቀለም ተደፈነ።

በማግሥቱ መጥታ አየችው። "አባቴ፣ ምን በደልሁዎ?" አለች። መሪጌታ በብሩሻቸው ወደ ሊቀ መንበሩ ሥዕል አመለከቷት።

የምረቃው ዕለት ቅዳሜ ገበያ ነበር። ከወንዛዬ በኩል የመጣ ባላገር ሁሉ ግድግዳውን ሲያይ ያማትባል፤ ሊቀ መንበሩ አክብሮት መስሎት ደረቱን ይነፋል። ትርንጎ ዝፈኝ ተባለች። ነጠላዋን በግማሽ ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ወደ ጎን ዞራ፣ ባለ አንድ ዓይን ሆና ቆመች። ባሏ ማሲንቆውን ገዘገዘው። ሠዓሊውን አወደሰች፦ እጁ መዋሸት አያውቅም፤ ሊቀ መንበራችን ላይ አልጨመረ፣ አልቀነሰ፣ ነፍሱን ሳይቀር እንዳለች ሣላት አለች። ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ሊቀ መንበሩ "ይደገም!" አለ። ተደገመ። እንደገና አስደገማትና ደስታው አላስችል ቢለው ወጥቶ ከሥዕሉ ሥር ቆመ፤ ሰው እንዲያስተያየው ወደ ጎን ዞሮ አገጩን ቀና አደረገ።

ይኼኔ ትርንጎ ነጠላዋን ገለጠች። ወደ ሕዝቡ ዞራ በሁለት ዓይኗ፣ ፊት ለፊት፣ ሁላችንንም አየችን። ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት።

ሊቀ መንበሩ ግን ወደ ፊት እያየ ነበርና ምንም አላየም።