ስምንተኛዋ የምክር ቤት አባል

በሲያትልና በዙሪያዋ፣ ከሊንውድ እስከ ፌደራል ዌይ፣ ሐበሻ በሚኖርበት ሰፈር ሁሉ የከተማውን ምክር ቤት ስብሰባ በቴሌቪዥን ቁጭ ብሎ የሚከታተል አንድ ሰው አለ። በእናንተ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው የለም ካላችሁ ያ ሰው እናንተ ናችሁ ማለት ነው።

የኛ ሰፈሯ ክብርት እትዬ የውብዳር ናቸው። ክብርት የምላቸው በፌዝ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ በፌዝ ነው። ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት፤ ሰኞ ማታ ሰብሳቢዋ መዶሻ ስትመታ በኮርኒሴ በኩል ጥርት ብሎ ይሰማኛል። የኛ ትንሽ ከተማ ምክር ቤት አባላት ሰባት ናቸው። እትዬ ስምንተኛዋ ናቸው፣ ማንም አልመረጣቸውም እንጂ።

የኬብል ቴሌቪዥኑ ከቤት ኪራዩ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። ስፍር ቁጥር የሌለው ቻናል አለው፤ እሳቸው የሚያዩት ሦስቱን ብቻ ነው፦ የከተማውን፣ የኮሌጁንና የኮሙኒቲውን። ሌላው "ወሬ ነው" ይላሉ።

ኮሙኒቲው ላይ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስፖርት የሚሠሩ ፈረንጅ ባልቴቶች አሉ፤ እትዬም ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው አብረዋቸው እጃቸውን ያወናጭፋሉ። ኮሌጁ ላይ ደግሞ ስለ ተራራና ስለ እሳተ ገሞራ የሚያስተምር አንድ መምህር አለ፤ ከሱ ትምህርት ወዲህ አልጋቸው ሥር ጀሪካን ውሃ ደርድረዋል።

"ታምራት፣ ውሃ አለህ?"

"ቧንቧ አለኝ፣ እትዬ።"

"ተራራው ሲፈነዳ ቧንቧህ ይተርፋል?" ይሉኛል፣ ማታ ማታ እንዳልተኛ።

ልባቸው ግን ያለው ምክር ቤቱ ዘንድ ነው። ሰኞ ማታ ስልክ አያነሱም፤ ሊንውድ ነርስ ሆና የምትሠራው ልጃቸው ማህደርም ታውቃለች፣ አትሞክርም። አባላቱን በስም አይጠሯቸውም፤ እንደ ዘመድ በመልክና በአመል ነው የሚያውቋቸው። ሰብሳቢዋ "ባለሻርፗ" ናት። በፓርኪንግ ጉዳይ ሁሌ የሚቆጣው "ጎፈሬያሙ" ነው። ባለፈው ክንዱን በፋሻ አንጠልጥሎ የከረመው ሽማግሌ ደግሞ "ያ ምስኪን ልጅ" ነው።

እንግሊዝኛቸውንም የለቀሙት ከዚያው ነው። ጉልበታቸው ሳይደክም ግሮሰሪ ሲገቡ ነጭ ሽንኩርት የሚጠይቁት በጣታቸው እየጠቆሙ ነበር፤ እድር ስብሰባ ላይ ግን ብድግ ብለው "ሞሽን አለኝ! ሰከንድ የሚያደርግ?" ይላሉ፤ የውሳኔ ሐሳብ አለኝ፣ የሚደግፍ ማነው ማለታቸው ነው። የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ገብረጊዮርጊስ ዕድሜ ልካቸውን እስኪበቃቸው ሲናገሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ሁለት ደቂቃ ካለፉ እትዬ በማንኪያ ብርጭቆ ይመታሉ። አቶ ገብረጊዮርጊስም፣ ጉድ በሉ፣ ይቀመጣሉ።

አንድ ጊዜ መንገዱ ሊታደስ ነው፣ መኪናህን አንሳ አሉኝ። ማን ሰምቷቸው! ጠዋት ስወጣ መኪናዬ ቶው ተደርጋለች፣ ጎትተው ወስደዋታል። ላማርር ፎቅ ብወጣ፣ "ሂሪንግ ነበረው እኮ፣ ሕዝብ ሐሳቡን የሚሰጥበት፤ ያኔ ለምን አልተቃወምክም?" ብለው ተቆጡኝ።

በምክር ቤቱ ላይ አንድ ቅሬታ ብቻ አላቸው። "ሰው እንዴት ሰላምታ ሳይሰጥ ስብሰባ ይጀምራል? መዶሻ መምታት፣ ስም መጥራት፣ በቃ! ከብት ነው የሚቆጥሩት?" ኮሙኒቲው ላይ አልፎ አልፎ የሚመጣው የአገር ቤት ዜና አንባቢ "እንደምን አመሻችሁ" ሲል እትዬ ከወንበራቸው ነቅነቅ ብለው "እግዜር ይመስገን" የሚሉ ሰው ናቸው። አይሰማዎትም ብላቸው፣ "ሰላምታ ተበድሮ ዝም ይባላል እንዴ?" አሉኝ።

እንግዲህ አንድ ሰኞ ማታ የላይኛው ፎቅ ድምፅ በድንገት ጸጥ አለ። ቀጥሎ ደረጃው ላይ ከዘራ ተሰማ፤ ቀጥሎ በሬ ተንኳኳ።

"ሊዘጉት ነው" አሉ እትዬ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ።

"ምኑን?"

"ቻናሉን።"

የከተማው ባለሙያ ምክር ቤቱ ፊት ቀርቦ፣ ኬብል የሚያይ ሰው እየጠፋ ነው፣ ስብሰባውን በኢንተርኔት ብቻ እናስተላልፍ፣ ለመሆኑ ማን እንደሚያየውም አናውቅም ብሏል። ውሳኔው በሚቀጥለው ሰኞ ነው።

እኔ አፌ አያርፍም፤ "ታዲያ በስልክ ማየት ይቻላል እኮ፣ እትዬ፤ እጭንልዎታለሁ" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። "ጉልበቴ ከያዘኝ ወዲህ ከዚህ ቤት የምወጣው ለሐኪም፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለእድር ነው። ማህደር ሥራ ላይ ናት። የልጅ ልጆቼ የሚመልሱልኝ በእንግሊዝኛ ነው። ዘመናዊውን ስልክማ ሰጥተውኝ ነበር፤ አንዱን ስነካው ሌላው ይጠፋብኛል። እዚህ ሰፈር ምን እንደሚሠራ፣ ማን ምን እንዳለ የማውቀው በዚያ ቻናል ነው። እሱ ከተዘጋ እኔ ከተማ የለኝም፣ ታምራት።"

ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

"ሄጄ እናገራለሁ። ሕዝብ ሁለት ሁለት ደቂቃ ይሰጠዋል። አንተ ታስተረጉምልኛለህ።"

"ሰኞ እኮ ሥራ—"

"ሞሽኑ አልፏል" ብለው ወደ ፎቃቸው ወጡ።

በተባለው ሰኞ መኪና ውስጥ አስጠናኋቸው። "ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ነው፣ እትዬ። ሁለት ደቂቃ ማለት እፍ ነው።"

"ሁለት ደቂቃን ለኔ ነው የምታስተምረኝ? ግን መጀመሪያ ባለሻርፗን ለቅሶ መድረስ አለብኝ።"

የአውራ ጎዳናውን መውጫ አልፌው ልሄድ ነበር። "የምን ለቅሶ?"

"ክረምት ላይ ጠፍታ ከርማ ስትመለስ ጥቁር ለብሳ ነበር። ሰው ሞቶባታል።"

"እትዬ፣ በስመአብ! እዚህ አገር እኮ ጥቁር ፋሽን ነው! ሽርሽር ሄዳ ቢሆንስ የመጣችው?"

"ልብሷን መቼ አልኩ፤ ፊቷን አይቻለሁ።"

"ባይሆንስ? በሕይወት ያለ ዘመዷን በቲቪ ሊገድሉባት ነው?"

"ሐዘንተኛ ለቅሶ ሳይደርሱ ጉዳይ አይነሳባትም። ነውር ነው። መንገዱን እያየህ ንዳ።"

አዳራሹ ባዶ ወንበር የበዛበት ትንሽ ክፍል ነው። እትዬ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ገቡና "ቲቪው ላይ ሰፊ ይመስል ነበር" አሉ ትንሽ ቅር ብሏቸው። ባለሙያው ዛሬም ያንኑ ደገመ፦ ይህን ቻናል ሰው ያየዋል የሚያሰኝ ምንም ማስረጃ የለንም። ከዚያ የእትዬ ስም ተጠራ። ግድግዳው ላይ ያለው ቀይ ሰዓት ቁልቁል መቁጠር ጀመረ።

"እንደምን አመሻችሁ? ሰላም ናችሁ ወይ?" አሉ እትዬ፣ ለሰባቱም በየተራ እጅ እየነሱ። ጊዜ ለመቆጠብ በአጭሩ "ሰላም ብለዋል" ብዬ ተረጎምኩ።

ወደ ሽማግሌው ዞሩ። "ያ ክንድህ ተሻለህ ወይ፣ ልጄ? ፋሻውን ቶሎ የፈታህ መሰለኝ። ሐኪም ፈቅዶልህ ነው?" ሽማግሌው ክንዱን አየ፣ ከዚያ እትዬን አየ። ወደ ጎፈሬያሙ ዞሩ። "አንተ ደግሞ ስትናደድ ፊትህ ይቀላል። እዚያ ፊትህ የምታስቀምጣትን ውሃ መጀመሪያ ጠጣት።" ይቺን ዘለልኳት። ክርናቸው ጎኔ ውስጥ ገባ። "የውሃውን አልነገርክልኝም!" ነገርኩት። አዳራሹ ሳቀ፣ ጎፈሬያሙም ሳቀ፣ ሰዓቱ ግን አልሳቀም፤ ግማሹ ሄዷል።

"እትዬ፣ ቻናሉ!" አልኩ በጆሯቸው።

እሳቸው ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቀው ወደ ሰብሳቢዋ ዞረው ነበር። "ልጄ፣ ማን እንደሞተብሽ አላውቅም። ከርመሽ ስትመለሺ ፊትሽን ሳይ አንጀቴ ተላወሰ። ቤትሽን ባውቀው መጥቼ አብሬሽ እቀመጥ ነበር። ሳልደርስሽ ቀረሁ፣ ይቅር በይኝ። እግዜር ያጽናሽ።"

እውነቱን ልናገር፤ "ሻርፕዎን ወደውታል" ብዬ ልተርጉም አስቤ ነበር። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። ግን እትዬ ጎኔ ቆመው አፍ አፌን ያያሉ። አንድ ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩ፤ ጨርሼም መሬት መሬት አየሁ።

ሰብሳቢዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ መነጽሯን አወለቀች።

"እናቴ ናት" አለች። ቀጥላም፣ "ሥራ ቦታ ስላልተናገርኩ ማንም ያወቀ አልመሰለኝም ነበር።"

ደወሉ ጮኸ። ስለ ቻናሉ አንዲት ቃል አልተተነፈሰችም።

"ትንሽ ይጨምሩልን ልበላቸው?" ብዬ እትዬን ለመንኳቸው። እሳቸው ከዘራቸውን አንስተዋል። "ሰዓት አልቋል። ሕግ ሕግ ነው" ብለው ሄደው ተቀመጡ። በቃ፣ አበቃልን አልኩ። በዚያች ደቂቃ በጣም ነበር የተናደድኩባቸው።

ሰብሳቢዋ መነጽሯን መልሳ አደረገችና ወደ ባለሙያው ዞረች። "ማን እንደሚያየን አናውቅም ነበር ያልከው?" አለችው።

ባለሙያው ወረቀቱን አገላበጠ፤ ወረቀቱ ላይ እትዬ የሉም። ጎፈሬያሙ መጀመሪያ ውሃውን አንስቶ ተጎነጨ፣ ከዚያ እጁን አወጣ፦ ቻናሉ በሚመጣው ዓመትም ይቀጥል ሲል ሞሽን አቀረበ። ያ ምስኪን ልጅ የዳነ ክንዱን አነሳ።

"ሰከንድ አገኘ!" አሉ እትዬ፣ እጄን ጨምቀው። የሕፃን ደስታ ነበር ፊታቸው ላይ። ሰባቱም ደገፉት።

ከዚያ በኋላ ባለው ሰኞ ሪሞት ላስተካክልላቸው ብዬ ፎቅ ወጣሁ። ሪሞቱ ምንም አልሆነም ነበር፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ሰብሳቢዋ መዶሻዋን መታች። ስም ጥሪው ሊጀመር ነው ስል ቀና ብላ ካሜራውን አየች፤ ቤቷ ስትለማመደው የሰነበተች ይመስለኛል፣ በአማርኛ፣ እየተሰባበረባት፦

"ጤና ይስጥልኝ" አለች።

እትዬ የውብዳር የወንበሩን እጀታ ይዘው፣ ያንን የማይታዘዝ ጉልበት እያስታመሙ ተነሡ፤ እጅ ነሱ። "አብሮ ይስጥልኝ፣ ልጄ" አሉ ለቴሌቪዥኑ።

እኚህን ሴትዮ እግዜር ያቆይልን ልል ዞር ስል፣ ለካ እኔም ተነሥቼ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ።

"በል ተቀመጥ" አሉኝ እትዬ። "ስብሰባ ተጀምሯል።"