መቶ ዘጠና ዘጠኝ «በጣም ጥሩ»

(ዓዲ ሓቂ ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው ካምፓስ በር ፊት ለፊት። ተስፋልደት የማስተርስ ተማሪ ነው፤ ሕዝቡ ስለ ፖሊስ ምን እንደሚያስብ ያጠናል። መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሰው ጠይቆ ሁሉም «በጣም ጥሩ» ስላሉት አማካሪው «ይህ ጥናት አይደለም» ብለው መልሰውበታል። ዛሬ ካላስተካከለ ዘንድሮ ምርቃት የለም። ያም ሆኖ «ሁሉን አውቃለሁ» ባይነቱ አልለቀቀውም። አሁን ከወሎ መጥቶ እዚሁ ጫማ የሚሸጠውን ሸረፈዲንን ይዟል።)

ተስፋልደት፦ «በጣም ጥሩ» አትበል አልኩህ እኮ።

ሸረፈዲን፦ እሺ። እጅግ በጣም ጥሩ።

ተስፋልደት፦ መጠይቁ ላይ እንደዚያ የሚል ሳጥን የለም።

ሸረፈዲን፦ ከጎኑ ጻፍልኛ።

ተስፋልደት፦ ኣንታ፣ ባለፈው «ጫማህን ሰብስብ» ብሎ ያባረረህ ፖሊስ አልነበረም?

ሸረፈዲን፦ ነበረ።

ተስፋልደት፦ (እስክሪብቶውን አሰናድቶ) እህ?

ሸረፈዲን፦ ሩጫው ለወገቤ ተስማማኝ። ወላሂ፣ በጣም ጥሩ ልጅ ነው።

ተስፋልደት፦ እዋይ፣ አትፍራ ሓወይ። ስምህ አይጻፍም።

ሸረፈዲን፦ ካልተጻፈማ ምስጋናዬ በምን ይደርሳቸዋል? ሸረፈዲን ብለህ ጻፍ።

ተስፋልደት፦ (ራሱን ይዞ) ሰው ሲፈራ ያሞግሳል፤ ይሄ ሳይንስ ነው፣ አንተ አይገባህም። ምን እንዳስፈራቸው ግን ስንት መጽሐፍ አገላብጬ አጣሁት።

ሸረፈዲን፦ እስቲ ልጠይቅህ። ቅድም ስትመጣ መጀመሪያ ምን አደረግህ?

ተስፋልደት፦ ሰላም አልኩህ።

ሸረፈዲን፦ ከዚያስ?

ተስፋልደት፦ እንደ ደንቡ የድጋፍ ደብዳቤዬን አሳየሁህ።

ሸረፈዲን፦ ከማን የተጻፈ?

ተስፋልደት፦ ከፖሊስ። (ድምፁ ቀነሰ) ክብ ማኅተም ያለበት።

ሸረፈዲን፦ ለሁሉም አሳየህ?

ተስፋልደት፦ አንድ በአንድ አስነበብኳቸው። (የዕቃ ሳጥን ላይ ቁጭ አለ) በቃ፣ ምርቃቴ ቀረ።

ሸረፈዲን፦ ምን ሲደረግ ይቀራል? ርዕሱን ቀይረዋ። «ሕዝቡ ስለ ማኅተም ያለው አመለካከት» በለው። መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሰው መልሶልሃል።

(ተስፋልደት ወረቀቶቹን አገላበጠ፣ እንደገና አገላበጠ።)

ተስፋልደት፦ ይሄማ ያስመርቀኛል። የምስጋናው ገጽ ላይ ስምህን አስገባለሁ፤ የአባትህ ስም ማን ነበር?

ሸረፈዲን፦ (ግራ ቀኙን አይቶ) ተው፣ ስሜን እንዳትጽፍ።

ተስፋልደት፦ ቅድም ጻፍ ብለህ የለ?

ሸረፈዲን፦ ቅድምማ እያሞገስኩ ነበር። አሁን እውነቱን ነግሬሃለሁ።