ጋሽ ተፈራ ከማንም ጋር ተጣልተው አያውቁም

ፎቶ ኮፒ ቤት ሲከፈት ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦ ማሽን፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ሰው እና ማንም ያልቀጠረው አራሚ። ማሽኑ ቢበላሽ ጎረቤት ተሂዶ ይገለበጣል። ሠራተኛው ቢታመም እህቱ ትተካለታለች። አራሚው ግን አይበላሽም፣ አይታመምም፣ ተኪም የለው። ጡረተኛ ነው። በር አጠገብ ያለችውን በርጩማ ይዞ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አስቀምጦ፣ ሊገለበጥ የመጣውን የሰው ወረቀት ሁሉ ያነባል። ይፈቀድልኝ ብሎ ነገር የለም። አንብቦ ራሱን ከነቀነቀ ባለጉዳዩ ቶሎ እንደማይሄድ ይወቀው።

ሐዋሳ፣ ፒያሳ ላይ ላለችው ለታቢታ ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት የደረሷት አራሚ ክቡር አቶ ተፈራ ናቸው። ሠላሳ ሁለት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው፣ የክፍሉ ኃላፊ ሆነው ጡረታ ወጥተዋል። ጡረታ የወጡት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ቀይ እስክሪብቷቸው እስካሁን በሥራ ላይ ነው። የታቢታ ልጅ ኢያኤል አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከትምህርት ቤት መልስ እናቷን ስታግዝ አምስት ዓመት ሙሉ ሁለት ድምፅ ስትሰማ ኖራለች፤ የማሽኑንና የጋሽ ተፈራን። ማሽኑ እንኳ ወረቀት ሲያልቅበት ዝም ይላል።

"ሐሳቡ ደህና ነው፤ ይስተካከል!" ይላሉ ጋሽ ተፈራ።

የነገር ሁሉ መግቢያቸው ይህ ነው። ደሳለኝ የሚባለው ባለባጃጅ "የሚሸጥ ባጃጅ" የሚል ጽሑፍና አንድ ስልክ ቁጥር ይዞ ገባ፤ ይዞት የወጣው ገጽ ተኩል ነው። ባጃጇ መቼ እንደተገዛች፣ በየትኞቹ መስመሮች እንዳገለገለች፣ "ባለንብረቱ ከእርሷ ለመለየት የተገደደበት ምክንያት"፣ በመጨረሻም ገዢው ወደፊት ለሚያደርግላት መልካም አያያዝ የቀረበ የቅድሚያ ምስጋና። ደሳለኝ አንብቦ ሲጨርስ ባጃጇ አሳዘነችውና አልሸጣትም አለ። ይኸው እስከ ዛሬ ከፒያሳ ቱላ ይመላለስባታል።

ማርታ ደግሞ ጎረቤቷ አጥሯን ገፍቶ ገባብኝ ብላ ክስ አስጽፋ መጣች። ጋሽ ተፈራ ስድቡን ሁሉ ሰርዘው "በታላቅ አክብሮት" የሚል አራት ቦታ አስገቡ። "ለረጅም ዘመን የቆየውን መልካም ጉርብትናችንን እያስታወስኩ" የሚል ጨመሩ። ግልባጩ የደረሰው ጎረቤት የምስጋና ደብዳቤ መስሎት አንድ ዘለላ ሙዝ ተሸክሞ ማርታ ቤት ከች አለ። አጥሩ ባለበት ነው። ማርታ ግን ከዚያ ወዲህ ሙዝ ገዝታ አታውቅም።

ሰው ያማርራል? በደንብ ነው እንጂ! "እኔ የመጣሁት ለማስገልበጥ ነው" እያለ የሚነጫነጭ ሞልቷል። ጉዳዩ የጠና ዕለት ግን፣ የጡረታ ወይም ልጅን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የማዛወር ነገር ሲመጣ፣ ያ ሲነጫነጭ የነበረው ሁሉ ተሰልፎ "ጋሼ አሉ?" ብሎ ነው የሚገባው።

ኢያኤል እስከ ኅዳር ድረስ ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ ያመለጠች ብቸኛዋ የፒያሳ ሰው ነበረች። በኅዳር ግን ባሕር ማዶ ላለ ዩኒቨርሲቲ ማመልከት ጀመረች። ከመቶ አመልካች አራቱን ብቻ የሚቀበል፣ የተቀበለውን ግን ከአውሮፕላን ትኬቱ እስከ ብርድ ልብሱ ችሎ የሚያስተምር ነው። ኢያኤል የሐይቅ ውኃ ምን እንደሚያጠራው፣ ምን እንደሚያደፈርሰው ማጥናት ትፈልጋለች። ይህ ዩኒቨርሲቲ በዚህ የታወቀ ነው፤ ደግሞም በእነ ታቢታ አቅም ሊታሰብ የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ውጤቷ ደርሷል። የቀራት ሦስት ተጨማሪ ድርሰት ነበር። ውጤትሽንስ አየን፣ አንቺ ራስሽ ማነሽ? ብሎ የሚጠይቅ ዓይነት።

ስህተቷ የመጀመሪያውን ድርሰት እናቷ ሱቅ ውስጥ ማተሟ ነበር። ወረቀቱ ከፕሪንተሩ ተስቦ ሳያልቅ ጋሽ ተፈራ ጫፉን ይዘውታል። ጥያቄው "ለምን እኛን መረጥሽ?" የሚል ነው።

"ሐሳቡ ደህና ነው" አሉ። "ጉዳዩ የታለ?"

"ጋሼ፣ ድርሰት እኮ ነው። ማመልከቻ አይደለም።"

"ከእነሱ የምትፈልጊው ነገር አለ?"

"አለ።"

"ሰጪዎቹ እነሱ ናቸው?"

"ናቸው።"

"እንግዲያው ማመልከቻ ነው!"

በማግስቱ ተስተካክሎ ቀረበላት። "ጉዳዩ፦ የትምህርት ዕድል እንዲሰጠኝ በትሕትና ስለመጠየቅ" ብሎ ይጀምርና፣ "በመሆኑም" በሚል አምስት አንቀጽ ተሻግሮ፣ "ለሚደረግልኝ ቀና ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ" ብሎ ያልቃል። ኢያኤል አመስግና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና የራሷን በኢንተርኔት ላከች። ሁለተኛውን ድርሰት ትምህርት ቤት ተደብቃ ጻፈችው። ጋሽ ተፈራ ይህን ሲሰሙ ግማሽ ቀን አኮረፉ። ከሰዓት በኋላ የሰርግ መጥሪያ የሚያስገለብጥ ሰው መጣና ኩርፊያው ተረሳ።

ሦስተኛው ጥያቄ ነው ጉድ ያመጣው። "ከአንድ ሰው ጋር ያልተስማማሽበትን ጊዜ ንገሪን። ምን ሆነ? ምን ተማርሽ?" ይላል፤ በሁለት መቶ ሃምሳ ቃል። ኢያኤል አንድ ሳምንት ተቀምጣ አንድ መስመር አልወጣላትም። ሲጨንቃት እናቷን ጠየቀች፤ ሱቅ ውስጥ፣ በርጩማው ባለበት።

"ስለ ጸጉርሽ ከእኔ ጋር ተጨቃጭቀሽ የለ? እሱን ጻፊ" አለች ታቢታ።

ክቡር አቶ ተፈራ ተነሱ።

"ይቺን ጥያቄ እንዳትመልሻት! ወጥመድ ናት። ከማንም ጋር ተጣልቼ አላውቅም ብለሽ ጻፊ፣ አለቀ።"

"ውሸት ይሆናል እኮ ጋሼ።"

"ምን ውሸት አለው? እኔን እዪኝ። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ከማንም ጋር ተጣልቼ አላውቅም!" አሉና ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ጠረቁት።

"ባለፈው ሳምንት እንኳን ከእኔ ጋር..." ብሎ ደሳለኝ ከበሩ ጀመረ።

"አንተ ዝም በል! ከአንተ ጋር አልተጣላሁም። አንተ ተሳስተህ ነው!"

ክርክሩ ሦስት ቀን ፈጀ። ኢያኤል ጥያቄው ያለ ፀብ እንደማይመለስ ታስረዳለች፤ ጋሽ ተፈራ ፀብ የሚባል ነገር እንደማያውቁ እየጮኹ ያስረዳሉ። በሁለተኛው ቀን ረቂቅ ይዘው መጡ፤ "ከሕፃንነቴ ጀምሮ ከሁሉም ጋር ተስማምቼ የኖርኩ ስለመሆኔ" የሚል። ያ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ግርጌው ላይ "ልጅቷ ከማንም ጋር እንደማትጣላ እናረጋግጣለን" የሚል ተጽፎ ሦስት የሰፈር ሰው ፈርሞበታል። ሦስተኛዋ ፈራሚ ሐና ናት። ሐናና ኢያኤል ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አይነጋገሩም።

በሦስተኛው ቀን ኢያኤል ፈነዳች። ማመልከቻው ሊዘጋ አምስት ቀን ቀርቶታል።

"የእኔ ድርሰት ነው ጋሼ! እኔ ነኝ የምጠየቀው! ሰው አልተስማማሁም ቢል ምን ይሆናል? እርስዎ ምንድነው የሚፈሩት?"

እንዲህ ብላ ተናግራቸው አታውቅም። እናቷ "ኢያኤል!" ብላ ተቆጣች። ጋሽ ተፈራ ግን አልተቆጡም። በርጩማቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር ሌላ ሰው ይመስላሉ፣ የደከመ ሰው።

"ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ካልተስማማ" አሉ፣ "ቃለ ጉባኤው ግርጌ ላይ የልዩነት ሐሳብ ብሎ ይጽፋል። መብት ነው። እኔም ጽፌ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ፣ በሰማንያ ስድስት። አሮጌ ፋይል ቦታ ያዘ ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ። ለባለሱቅ ይሸጥ፣ የስኳር መጠቅለያ ይሁን ተባለ። አራቱ ተስማሙ። እኔ በዚህ ወረቀት ውስጥ የሰው የአገልግሎት ዘመን አለ፣ ነገ ጡረታው ሲደርስ ምን ይዞ ይጠይቃል ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። በሁለተኛው ወር ቆላ ወዳለ ቅርንጫፍ ተዛወርኩ። አራት ዓመት። ባለቤቴ እዚህ አራስ ነበረች። ልጄ አፏን ስትፈታ አልነበርኩም።"

"ግን ትክክል ነበሩ" አለች ኢያኤል፤ ድምፅዋ ወርዷል።

"ትክክል ነበርኩ። አራት ዓመት የፈጀብኝ እሱ ነው።" መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። "ከዚያ ወዲህ የመጣልኝን ቃለ ጉባኤ ሁሉ ተስማምቼ ፈርሜያለሁ። ወረቀት አይረሳም ልጄ። እነዚያ ሰዎች አያውቁሽም። ገና በመጀመሪያው ወረቀትሽ 'ይቺ እምቢተኛ ናት' እንዲሉሽ አልፈልግም።"

ተነሥተው ወጡ። ያን ቀን ያልታረሙ ሰባት ማመልከቻዎች ተገለበጡ።

በማግስቱ አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን አልመጡም። ሰው ወረቀቱን ይዞ ገብቶ በሩ አጠገብ ይቆምና፣ የሚቆጣው ሲያጣ ግራ ተጋብቶ ይወጣል። ታቢታ በርጩማውን ለደንበኛ አልሰጥም አለች። ኢያኤል ዝምታ እንዲህ እንደሚከብድ አታውቅም ነበር። በዚያ ዝምታ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ ሳምንት ሙሉ እምቢ ያላትን ድርሰት በአንድ ከሰዓት በኋላ ጻፈችው። ሁለት መቶ አርባ ስምንት ቃል። ያልተስማማችው ከማን ጋር እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም።

ግን ሳያነቡት አትልከውም። የሰው ታሪክ ነው። እምቢ ካሉ ይቀራል፤ እሱ ከቀረ ዩኒቨርሲቲውም ቀረ ማለት ነው።

ማመልከቻው የሚዘጋው በእነሱ እኩለ ሌሊት ነው፤ ለሐዋሳ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ሁለት ቀን ወደ ቤታቸው ልትሄድ ተነሥታ ሁለቱንም ቀን ፈርታ ቀረች። በመጨረሻው ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ላይ፣ ደሳለኝ በባጃጁ በራቸው ላይ አወረዳት። ጋሽ ተፈራ ጋቢያቸውን ደርበው ግቢ ውስጥ ተቀምጠዋል። ከመድኃኒት ጋር የሚመጣውን የአጠቃቀም ወረቀት እያረሙ ነበር።

"ምን አጣደፈሽ? ደግሞ ምን ሆንሽ?"

"ይህን ያንብቡልኝ። ካልወደዱት አልክም።"

አነበቡ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ የድሮ ትምህርት ነውና አንድ ቃል አልጠፋቸውም። አንድ ሰው አለመስማማት በወረቀት ላይ መስፈር የለበትም እንዳሏት ይናገራል። እሷ ግትርነት መስሏት እንደጮኸችባቸው፣ እሳቸው ግን አንድ ጊዜ ዋጋ ከፍለው ስለነበር እሷም እንዳትከፍል ፈርተውላት እንደነበር ይናገራል። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ "ዛሬም ከእሳቸው ጋር አልስማማም። ልዩነቱ አሁን የማልስማማው ከማውቀው ሰው ጋር መሆኑ ነው።"

ጨርሰው እንደገና ከላይ ጀመሩ። ኢያኤል ስልኳን አየች፤ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቀርቷል። ጋሽ ተፈራ ቀዩን እስክሪብቶ ከፈቱ።

አንድ ቃል አልሰረዙም። ወደ ግርጌው ወርደው አንድ መስመር አሰመሩና በአማርኛ ጻፉ። ሙሉ ስማቸውን ጽፈው፣ ፈርመው፣ ቀን አድርገው አቀበሏት።

"የልዩነት ሐሳብ" ይላል። "ተማሪዋ ስለ እኔ የጻፈችው ተጋንኗል። ስለ ራሷ የጻፈችው አንሷል። በዚህ ምክንያት በድርሰቱ የማልስማማ ቢሆንም፣ ሳይነካ እንዲላክ እጠይቃለሁ።"

ኢያኤል ሁለቴ አነበበችው። ሳቋ መጣ፣ እንባዋም መጣ፣ የትኛውን ማስቀደም እንዳለባት ጠፋት። እኚህን ነዝናዛ ሰውዬ ምን ያህል እንደምትወዳቸው ያወቀችው እዚያ ግቢ ውስጥ ነው። አገር ለአገር ብትዞር በእሷ ጉዳይ እንዲህ ተጨንቆ የሚሟገታት ሰው ከየት ታገኛለች? እዚያው ቆማ ስልኳን አወጣችና ድርሰቱን እንዳለ ላከችው። ደረሰ የሚል መልስ እስኪመጣ ሁለቱም ስልኩ ላይ አፈጠጡ። መጣ።

"አልስማማም ጋሼ" አለች እንባዋን እየጠረገች። "ያነሰው ስለ እርስዎ የጻፍኩት ነው።"

ጋሽ ተፈራ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ጋቢው ከትከሻቸው ወደቀ፤ አላነሡትም። ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣

"በቃለ ጉባኤ ይያዝ!" አሉ።